ክረምት ሲወጣ ነፋስ ይገባል

ከአዲስ አበባ በለገጣፎ ወጥቶ፣ ሰንዳፋን፣ አለልቱን፣ ሸኖንና ጫጫን አቋርጦ ደብረ ብርሃን የሚያደርሰው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሸኖን ካለፉ በኋላ ሜዳው ይሰፋል፣ ዛፉ ይሳሳል፤ በየአጥሩ ጥግ የቀረው ባሕር ዛፍም ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ ያደገ ነው። ኅዳር ተጋምሶ ስለነበር አዝመራው ግማሹ ታጭዶ ተከምሯል። ነፋሱ የጀመረን እዚያ ላይ ነው። በመስኮቱ ስንጥቅ ያፏጫል፤ ከጭነት መኪና ጋር በተላለፍን ቁጥር ሚኒባሷን ወደ ጎን ገፋ ያደርጋታል። ሾፌሩ መሪውን ጠበቅ አድርጎ ይዟል። ተሳፋሪው ግን ከነገር አልቆጠረውም፤ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ ያንቀላፋል።

የመጣሁት ይህንኑ ነፋስ ፍለጋ ነው። ስለ ሰሜን ሸዋ የተጻፈ ሳነብ ነገሥታቱን፣ ገዳማቱንና ጦርነቶቹን በብዛት አገኛለሁ፤ ነፋሱ ግን «ብርዱ ከባድ ነው» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ከየት እንደሚነሣ፣ ለምን ዝናቡ ሲያቆም እንደሚበረታ፣ አገሬው ምን ሲሠራበት እንደኖረና ገና ምን ሊሠራበት እንደሚችል ቦታው ላይ ቆሜ ማየት ፈለግሁ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰማይ ላይ ብርሃን በታየበት ስፍራ ቤተ ክርስቲያን አሳንጸው መቀመጫቸውን አደረጓት፤ ስሟም ከዚያ ነው። ዛሬ ከተማዋን ለአገሩ ሰው የሚያስታውሱት ብርድና ብርድ ልብስ ናቸው። የበግ ጠጉር አገር ናት፤ የመንዝ ባናና በርኖስ እዚሁ ገበያ ይወጣል፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካውም ከቆየ ብዙ ዘመኑ ነው።

ያደርኩበት ቤት ባለቤት ጠና ያሉ እናት ናቸው። ጠዋት ስነሣ ሣሩ አመዳይ ለብሷል፣ ጣቶቼን ቆፈን ይዟቸዋል። «ነፋሱ እንዲህ አድርጎን አደረ» አልኳቸው። እሳቸው ግን አልተቀበሉኝም። «ኧረ ልጄ፣ ነፋስ ያደረ እንደሁማ ውርጭ አይጥልም። እኛን የሚያስፈራን ዝም ያለ ሌሊት ነው» አሉና ወደ ሰማዩ አገጫቸውን ቀሰር አደረጉ። ሰማዩ አንዲት ደመና አልነበረበትም።

እውነታቸውን ነው። ደመና በሌለበት ሌሊት መሬት ቀን የጠጣውን ሙቀት ወደ ሰማይ እየለቀቀ ይቀዘቅዛል፤ በላዩ ያለው አየርም አብሮ ቀዝቅዞ ይከብድና ዝቅ ባለው ሜዳ ላይ ይተኛል። ከሜዳው ከፍ ብሎ ያለው አየር ግን ሞቅ ያለ ነው። ነፋስ ካለ የላይኛውንና የታችኛውን እያማሰለ ሙቀቱን ወደ መሬት ይመልሳል። ነፋስ ከሌለ ብርዱ እንደተኛ ያድራል፤ ባቄላውም ጠዋት ጠቁሮ ይገኛል። እኔ ወደ ከተማዋ የገባሁት የነፋስ ጥቅም ኤሌክትሪክ ነው እያልኩ ነበር፤ መጀመሪያ የተነገረኝ ግን ባቄላ ማዳኑ ነው።

ረፋዱ ላይ ገበያ ወጣሁ። በአህያ የተጫነ ኩበት በየጥጉ ተራግፏል፤ ሴቶቹ ክቡን በእጃቸው እየመዘኑ ይከራከራሉ። አገሩ እንጨት የለውም። እርሻውን ሊያለማ የሚገባው እበት እየተጠፈጠፈ፣ እየደረቀ ምድጃ ይገባል። ከገበያው ጥቂት ራቅ ብሎ ደግሞ የቢራ ፋብሪካዎችና የኢንዱስትሪ ፓርክ ቆመዋል፤ የኤሌክትሪክ ምሰሶው ወደነሱ ያመራል። ምድጃውም ፋብሪካውም ኃይል ፈላጊዎች ናቸው፤ በሁለቱም ላይ ደግሞ ያው ነፋስ ቀኑን ሙሉ ያልፋል።

ወደ አንኮበር የሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አብዛኛው ሜዳ ነው፤ የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ በግ የሚጠብቅ ልጅ። ከዚያ ሳይታሰብ ምድሩ ያልቃል። ከእግር ሥር ገደሉ እየተሰበረ ወደ ይፋት ይወርዳል፤ እርከኖቹ፣ መንደሮቹ፣ ከነሱም ታች አልዩ አምባ፣ ከዚያም ወዲያ በጭጋግ የተሸፈነው የአዋሽ ሸለቆና የአፋር ቆላ። ጠርዙ በብዙ ቦታ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ የታችኛው ሜዳ ከ1,000 ሜትር በታች። በአንድ ቀን የእግር መንገድ ውስጥ ውርጭና ግመል ይገናኛሉ።

በ1841 እ.ኤ.አ. ካፒቴን ዊልያም ሃሪስ የመራው የእንግሊዝ ልዑክ ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ይህን ዳገት ወጥቷል፤ ዙፋኑ በአንኮበር ወደነበረው ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነበር ጉዞው። ነጋዴውም፣ የአሞሌ ጨውም፣ ጠመንጃውም ለዘመናት የወጣው በዚሁ በኩል ነው። በበጋ የሚነፍሰው ነፋስም የሚወጣው በዚያው መንገድ ነው፦ ከባሕሩ ወገን፣ በአፋር ላይ፣ በይፋት በኩል፣ ወደዚህ ጠርዝ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ጠርዙ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁት። አየሩ ፀጥ ያለ ነበር። የአንኮበር ገደል ፊቱ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ፀሐይ ከሜዳው ቀድማ እሱን ትመታዋለች። ዓለቱ ሲሞቅ የነካው አየር ይሞቃል፤ የሞቀ አየር ይሰፋል፣ ሲሰፋ ይቀላል፣ ሲቀል ይወጣል። ቦታውን ባዶ አይተውም፤ ከታች ሌላ አየር ይተካዋል። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ጉንጬ ላይ ሽውታ ተሰማኝ፤ አራት ሰዓት ላይ ባርኔጣዬን በእጄ ይዤ ነበር። ሽቅብ የሚወጣ አየር በየ100 ሜትሩ 1 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ እርጥበት ከያዘ መንገድ ላይ ጉም ይሆናል። ከይፋት እየተሳበ ወጥቶ የአንኮበርን ኮረብታዎች የሚሸፍነው ጉም ይኸው ነው። የወፍ ዋሻ ደን ጥዱና ዝግባው በዚህ ገደል ላይ እንዲህ ያማረበት አንዱ ምክንያት፣ ዝናብ ባይዘንብም ጉሙ እያረጠበው መሆኑ ነው። ማታ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ደጋው ሲቀዘቅዝ የከበደው አየር በየሸንተረሩ ወደ ይፋት ይወርዳል።

ነፋሱን በዓይን ያሳየኝ ግን ወፍ ነው። ከኔ በታች፣ ከገደሉ ወገብ ላይ፣ አንድ አጥንት በሊ ጥንብ አንሳ ብቅ አለ። ደረቱ የዛገ ብረት ቀለም አለው፣ ጅራቱ ረዥምና ሹል ነው፤ ክንፉ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሁለት ሜትር ተኩል ያልፋል። አንድ ጊዜ እንኳ አላርገበገበም። የክንፉ ዳር ላባዎች እንደ ጣት ተከፋፍለው እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይንቀጠቀጣሉ፤ አንዱን ክንፍ በትንሹ ዝቅ ያደርግና ይታጠፋል፣ ቀና ያደርገውና ሽቅብ ይነሣል። ከወገቤ በታች የነበረው ወፍ ከራሴ በላይ ሆነ። በእግሩ አጥንት ይዞ ነበር። ከዓለቱ አናት በላይ ሲደርስ ለቀቀው፤ ከተሰበረው አጥንት ቅልጥሙን ሊበላ ተከትሎት ወረደ። ይህ ሁሉ የሆነው ከገደሉ በሚወጣው አየር ጉልበት ነው። ጭላዳዎቹም ጠርዙ ላይ ጀርባቸውን ለነፋስ ሰጥተው ሣር ይነጫሉ፤ የወንዶቹ ጎፈር ለሁለት ይከፈላል። በዚህ ገደል ላይ የምትኖር፣ በ1976 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ የታወቀች፣ አንኮበር በሚል ስም የተሰየመች ትንሽ ቡናማ ወፍም አለች፤ የምትመርጠው ይህንኑ ነፋሻ ጠርዝ ነው።

የገደሉ ነፋስ ከገደሉ ይወለዳል፤ በበጋ ወራት አገሩን ሁሉ የሚያዳርሰው ነፋስ ግን የሩቅ ልጅ ነው። አባቶቻችን ይህን ጥያቄ ሳያነሡ አላለፉም። ሙሉ ቃሉ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየልን መጽሐፈ ሄኖክ፣ ነፋሳት በምድር ዳርቻ ካሉ 12 በሮች እንደሚወጡ፣ በየማዕዘኑ ሦስት ሦስት በር እንዳለ፣ ከአራቱ የበረከት፣ ከስምንቱ የጉዳት ነፋስ እንደሚመጣ ይተርካል። በአውሮፓ ኤድመንድ ሃሌይ በ1686፣ ጆርጅ ሃድሌይ ደግሞ በ1735 እ.ኤ.አ. ስለ ንግድ ነፋሳት ሲጽፉ ጥያቄው ያው ነበር፦ ነፋስ ከተወሰነ ወገን በተወሰነ ወር ለምን ይመጣል? ሃሌይ የፀሐይን ሙቀት አመለከተ፤ ሃድሌይ የምድርን መሽከርከር ጨመረበት።

መልሱን በኛ አገር ላይ ላስቀምጠው። የኛ በጋ የእስያ ክረምት ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከሳይቤሪያ ጀምሮ እስከ ዐረቢያ ምድር ድረስ አየሩ ቀዝቅዞ ይከብዳል፤ ግፊቱም ይጨምራል። በምድር ወገብ አካባቢ ያለው አየር ደግሞ ሞቆ እየተነሣ ግፊቱ ይቀንሳል። የከበደው ወደቀለለው ይሄዳል፤ ነፋስ ማለት ይኸው ጉዞ ነው። ምድር ስለምትሽከረከር በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የሚጓዝ አየር ሁሉ ወደ ቀኙ ይታጠፋል፤ ስለዚህ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተነሣው እኛ ዘንድ ሲደርስ ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል። በዐረቢያ በረሃ ላይ ስላለፈ ደረቅ ነው። አፋር ላይ ሲደርስ ቀን ቀን ከገደሉ ነፋስ ጋር ይገጥማል፤ ሁለቱ ተጋግዘው የሸዋን ግድግዳ ይወጣሉ። ጫጫ ላይ ሚኒባሳችንን የገፋት ነፋስ የእስያ ብርድ የላከው መሆኑን ሳስብ፣ ከዚያ በኋላ ፊቴን ከሱ ማዞር አልፈለግሁም።

ሰኔ ሲገባ ፀሐይ ወደ ሰሜን ትወጣለች፣ የዝናቡ መቀነትም ይከተላታል፣ ነፋሱ አቅጣጫውን ቀይሮ ከደቡብ ምዕራብ እርጥበት ተሸክሞ ይመጣል። በዚያው ወራት ከሕንድ ውቅያኖስ በሶማሊያ ጠረፍ ሽቅብ ወደ ሕንድ የሚበረው ታላቅ ነፋስ አለ፤ ጆን ፊንድሌተር የተባለ የአየር ጠባይ ተመራማሪ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መንገዱን አጥንቶ ስላሳየ በሱ ስም ይጠራል። በኢትዮጵያና በኬንያ ደጋዎች መካከል ባለው ዝቅተኛ መተላለፊያ ደግሞ ሌላ ነፋስ ተጣቦ ይሮጣል፤ ኬንያውያን በቱርካና ሐይቅ አጠገብ 365 ተርባይን ተክለው 310 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት ከሱ ነው። የኛ ደጋ ነፋስን ይከለክላል፤ ይከፍላል፤ በበሮቹም ላይ ያፈጥነዋል።

ከነዚያ በሮች አንዱ ጣርማበር ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚወስደው መንገድ ከ3,000 ሜትር በላይ ከወጣ በኋላ ጣሊያን በወረራው ዘመን በቦረቦረው ዋሻ ውስጥ ያልፋል። ከዋሻው ወዲህ ደረቅ ፀሐይ ነበር፤ ከወዲያ ስንወጣ ጉሙ መንገዱን ዘግቶታል፣ መኪናዎች መብራት አብርተው በዝግታ ይወርዳሉ። አቀበት የሚወጣ አየር አናቱ ላይ ይጨናነቃል፤ ያው መጠን አየር በጠበበ ቦታ ማለፍ ስላለበት ይፈጥናል። ከመኪና ወርጄ ለመቆም ሞከርኩ፤ ወደፊት ዘመም ካላልኩ በስተቀር መቆም አልሆነልኝም።

ይህን ጉልበት ወደ ኤሌክትሪክ ስለሚቀይረው ተርባይን መናገር የምችለው ካየሁት ነው፤ ያየሁት ደግሞ አዳማ ነው። ከከተማዋ በላይ ባሉት ኮረብታዎች ላይ በ2004 ዓ.ም. 34 ተርባይኖች ቆመው 51 ሜጋ ዋት፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 102 ተጨምረው ሌላ 153 ሜጋ ዋት ማመንጨት ጀመሩ። እያንዳንዱ 1.5 ሜጋ ዋት ነው፤ የሦስቱ ክንፎች ክብ ወርድ 77 ሜትር ነው። ከሩቅ ሲያዩት የሚዞረው በዝግታ ነው። ሥሩ ሲቆሙ ግን ክንፉ በራስ ላይ ባለፈ ቁጥር አየር ሲቆርጥ ይሰማል፤ የግንቡ ጥላ ላይ የክንፉ ጥላ እየተፈራረቀ ያልፋል። ግንቡ ግርጌ ላይ ሰው የሚገባባት የብረት በር አለች፤ በውስጥ መሰላል አለ። ነፋሱ አቅጣጫ ሲቀይር አናቱ ላይ ያለው ቤት በሞተር እየተንቀራፈፈ ፊቱን ወደ ነፋሱ ያዞራል። ነፋስ በሰከንድ 3 ሜትር ሲደርስ ይነቃል፤ ማዕበል ሆኖ ከ20 ሜትር በላይ ሲያልፍ ደግሞ ራሱን ለመጠበቅ ክንፎቹን አዙሮ ይቆማል።

አየር ክብደት የሌለው ለሚመስለው ሰው አንድ ስሌት ላሳይ። በ77 ሜትር ክብ ውስጥ በሰከንድ 10 ሜትር የሚሮጥ ነፋስ ሲያልፍ፣ አዳማ ከፍታ ላይ በየሰከንዱ 45 ቶን ገደማ አየር ያልፋል ማለት ነው። ተርባይኑ የዚህን ጉልበት ሁሉ ሊወስድ አይችልም፤ ሁሉን ቢወስድ አየሩ ከክንፉ ኋላ ቆሞ መንገድ ይዘጋ ነበር። አልበርት ቤትዝ የተባለው ጀርመናዊ ከ100 ዓመት በፊት እንዳሰላው ከፍተኛው ድርሻ ከመቶ 59 ነው።

ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ይሳሳል። በባሕር ዳርቻ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1 ኪሎ ከ200 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ደብረ ብርሃን ላይ 900 ግራም አይሞላም። ስለዚህ ያው ተርባይን፣ በዚያው ፍጥነት፣ ደብረ ብርሃን ላይ ከሩብ በላይ ያነሰ ኃይል ያገኛል። የደጋ ነፋስ ዋጋ የለውም ለማለት ግን አያበቃም፤ የነፋስ ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ነውና። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ በ10 በመቶ ብቻ ቢጨምር ጉልበቱ በ33 በመቶ ይጨምራል። ተራራው በአየሩ መሳሳት የወሰደውን በፍጥነት ይመልሳል። ቦታ መምረጥ ሁሉን ነገር የሚወስነውም ለዚህ ነው።

ከመቀሌ ወጣ ብሎ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የ120 ሜጋ ዋቱ አሸጎዳ፣ አዳማ፣ በኢተያ አካባቢ 29 ግዙፍ ተርባይኖች የተተከሉበት የ100 ሜጋ ዋቱ አሰላ፣ ጅቡቲ ድንበር አጠገብ ያለው አይሻ፦ በካርታ ላይ ብንደረድራቸው ሁሉም የሚገኙት ታላቁ ስምጥ ሸለቆ በቀደደው ምድር ዙሪያ ነው፣ ወይ በጠርዙ ላይ፣ ወይ በአፉ። ምድር በሰነጠቀችበት ቦታ ሙቀትና ቅዝቃዜ ተቀራርበው ይኖራሉ፤ ነፋሱም የሚኖረው እዚያ ነው። ደብረ ብርሃን ያለችው በዚሁ ጠርዝ ላይ ነው። በአገሪቱ የኃይል ዕቅድ ጥናቶችም ለነፋስ ማመንጫ ከታጩ ቦታዎች አንዷ ሆና ስሟ ሲነሣ ቆይቷል፤ እኔ ባለፍኩበት ሜዳ ግን የቆመ ተርባይን አላየሁም።

ይህ የሚቆጨኝ በወራቱ ምክንያት ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከመቶ 90 የሚበልጠው ከውኃ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት አቅም አለው፤ ሲመረቅ የተሰማኝን ደስታ አሁንም አልረሳሁትም። ውኃ ግን የክረምት ሀብት ነው። ከመስከረም በኋላ ወንዞች እየቀነሱ፣ ግድቦች ካጠራቀሙት እየቀነሱ ይሄዳሉ፤ ዝናቡ በከዳ ዓመት ደግሞ ግንቦት ሳይደርስ መብራት በፈረቃ የሆነበትን ዘመን ሁላችንም አይተነዋል። የደጋው ነፋስ የሚበረታው ታዲያ በነዚያው በደረቁ ወራት ነው። ተርባይኑ በበጋ ሲዞር ግድቡ ውኃውን ይቆጥባል፤ ክረምት ሲገባና ነፋሱ ሲደክም ግድቡ ይረከባል። ሁለቱን አጣምሮ ማሠራት ለኛ እንደተሰጠን ለብዙ አገር አልተሰጠም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናለሁ። ተርባይን በአንኮበር ጠርዝ ላይ አይተከል። ነፋሱ ገደሉን ወጥቶ አናቱ ላይ ሲታጠፍ ይሰባበራል፣ ይሽከረከራል፤ እንዲህ ያለ የተረበሸ ነፋስ ክንፉንም ማርሹንም ያደክማል። ጠርዙ የጥንብ አንሳዎቹና የንስሮቹ መንገድም ነው። ከአውሮፓና ከእስያ ተነሥተው በቀይ ባሕርና በስምጥ ሸለቆ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርዱት ታላላቅ ተንሳፋፊ ወፎች ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ የሚመሩት እንደዚህ ባለው የገደል አየር ነው። ከጠርዙ ገባ ብሎ፣ ሜዳው በተስተካከለበት፣ ነፋሱ ባልተበጠበጠበት ቦታ ሰፊ መሬት አለ። ለመጓጓዣም የሚሻለው እሱ ነው፤ አሰላ ላይ የተሰቀለው አንዱ ክንፍ ከ60 ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ያን ይዞ የጣርማበርን ጥምዝምዝና ዋሻ የሚያልፍ መኪና ያለ አይመስለኝም። በአዲስ አበባ በኩል ያለው መንገድ ግን የተዘረጋ ነው።

በመልሱ ጉዞ ጫጫ ሳልደርስ ከመንገዱ ወረድ ብሎ አንድ አውድማ አየሁ። ገብስ ነው። በሬዎቹ አበራይተው ጨርሰው ጥግ ላይ ቆመዋል፤ ሽማግሌውና ሁለት ወጣቶች መንሽ ይዘው ቁጭ ብለዋል። «ያብዛላችሁ!» አልኩ። «አሜን፣ ግባ» አሉኝ። ለምን እንደተቀመጡ ጠየቅኋቸው፤ ነፋስ እየጠበቁ ነው።

ትንሽ ቆይቶ መጣ። መጀመሪያ የተነቃነቀው የክምሩ ጫፍ ነው። ሽማግሌው ተነሥተው አንድ እፍኝ ገለባ ወደ ላይ በተኑና የወደቀበትን አዩ፤ ከዚያ ከነፋሱ ጎን ቆመው በመንሹ ዝቀው ለነፋስ ሰጡት። አየር ላይ ለአፍታ አንድ ላይ ቆየ፤ ወዲያው ፍሬው በቀጥታ እግራቸው ሥር ረገፈ፣ ጭዱ ሁለት እርምጃ ርቆ ወደቀ፣ እብቁ ደግሞ ወደ ማሳው ተሻግሮ ሄደ። አንድ ውርወራ ሦስት ክምር ሠራ። ምርቱ እየጠራ ሲመጣ መንሹን አስቀምጠው ላይዳውን አነሡ።

«አባቴ፣ ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ነው የሚነሣው?»

«ፀሐይ ሞቅ ሲል ነው እንጂ፤ ሦስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት። ከዚያ በፊት ብትወረውረው ምርቱም ገለባውም አንድ ላይ ነው የሚወድቅ።»

«ሲበረታስ?»

«ሲበረታ ፍሬውን ይዞት ይሄዳል። ያን ጊዜ ማቆም ነው። ነፋስ ልክ አለው።»

እኚህ ሰው ተርባይን የሚነቃበትንና የሚቆምበትን ፍጥነት የነገሩኝን መሐንዲሶች አያውቋቸውም። ክረምቱ አብቅሎ በጋው ያጠራል፤ ገበሬው ዝናብንና ነፋስን በዓመት ከፍሎ ሲሠራባቸው የኖረው ግድብና ተርባይን ሳይታሰቡ ነው።

ነፋሱ ለአፍታ ደከም ሲል ላባቸውን እየጠረጉ እሳቸው ይጠይቁኝ ጀመር። «ያ የሚሽከረከረው ነገር ወደኛም ይመጣል ሲሉ ሰማሁ። መጣ እንበል፤ ከሥሩ ከብት ይግጣል?»

አዳማ ላይ እስከ ግንቡ ግርጌ ድረስ እንደሚታረስ፣ ከብቶቹም ጥላው ውስጥ ሲተኙ እንዳየሁ ነገርኳቸው። መሬት የሚወስደው መሠረቱና ወደሱ የሚያስገባው መንገድ ነው።

«ድምፁ በሬ አያስደነብርም?»

«መጀመሪያ ሊያስደነብር ይችላል። በኋላ ይለምዱታል።»

ከመንገዱ ወዲያ በሜዳው ላይ ያለፈውን ትልቁን የኤሌክትሪክ መስመር በላይዳው አመለከቱ። «ይኸስ? ይኼ በላያችን ካለፈ ስንት ዓመቱ፤ ቤታችን ግን ኩራዝ ነው። ያም መጥቶ በላያችን ሊያልፍ ነው?»

ትልቁ መስመር ላይ ያለው ኃይል በቀጥታ ቤት እንደማይገባ፣ መጀመሪያ ማከፋፈያ ጣቢያ ደርሶ መቀነስ እንዳለበት፣ ከዚያ ትንንሽ ምሰሶ ተተክሎ፣ ትራንስፎርመር ተሰቅሎ ወደ መንደሩ መሳብ እንዳለበት አስረዳኋቸው። ዋጋ የሚጠይቀውም ይኸው የመጨረሻው መንገድ እንደሆነ፣ ማመንጫው ሲታቀድ አብሮ ካልታቀደ እንደሚቀር አልደበቅኋቸውም። በጥሞና ሰሙኝ። ወጣቶቹም መንሻቸውን ተደግፈው ሰሙ።

«የምሰሶውን ጉድጓድ እኛ እንቆፍራለን» አሉ ሽማግሌው። «እንጨቱንም እንሸከማለን። እነሱ ሽቦውን ያምጡ።»